የተፋሁት ሻምፓኝ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ፎርም ላይ ስሜን ብቻ ነው። አሁን ደብተር ገዝቼ የተቀመጥኩት፣ በአፌ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት ነገር ስላለ ነው።

ቤሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬ ሽማግሌ ነበር፤ ከመኖሪያው ሥር የፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ብርጭቆ ሳጥብ ከአንዱ መጥፎ ነገር ሸተተኝና በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ይኼ እርጥብ ጆንያ ይሸታል» አልኩ። ብርጭቆውን ነጥቆኝ አሸተተ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ቡሹ ያበላሸው ወይን ነበር፤ እሱ ሳያውቅበት ለደንበኛ ሊሸጠው ነበር።

ይህን አፍንጫ ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ አንበሳሜ ገበያ ዳር ጠላ ትሸጣለች። ጋኑ ታጥቦ ከታጠነ በኋላ ጭንቅላቴን አስገብቼ «ደህና ነው» ወይም «ይደገም» የምለው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በየጠዋቱ ወደ ሱቁ ይጠራኝ ጀመር። ቦርዶ ከሚባል የፈረንሳይ አገር የሚመጣው ቀይ ወይን እንደ ጌሾ አፍን ጭምድድ እንደሚያደርግ፣ ቡርጎኝ ከሚባለው የሚመጣው ደግሞ ዝናብ የመታው የጣራ ገዳም ጫካ እንደሚሸት፣ እውነተኛው ሻምፓኝ አረፋው ደቃቅ፣ ሽታው ትኩስ ዳቦ እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። እሱም አንድ ነገር አጥብቆ አስተማረኝ። «በአፍሽ አዙሪው፣ ከዚያ ትፊው። የሚውጥ ሰው አምስተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደርስ ውሸታም ይሆናል» ይለኝ ነበር። በስድስት ዓመት አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ አላውቅም። በስድስት ዓመት ግን ስንቱን ተፍቻለሁ።

ስመለስ የእናቴ ዓይን ደክሞ አገኘሁት። ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። እጄን ይዛ «ሁለተኛ አትሂጂብኝ» አለችኝ። ደብረ ታቦር ሥራ ካገኘሁ እንደማልሄድ ቃል ገባሁላት። አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የምከፈለው የቤት ኪራዬን አልፎ ለእሷ አይደርስም ነበር። ቤሩት የላከኝ ደላላ በየሳምንቱ እየደወለ «አልወሰንሽም?» ይለኛል።

የሆቴሉ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ ስለ አፍንጫዬ የሰሙት ከአንዲት አስተናጋጅ ነው። ጥር ላይ የመልስ ግብዣ ተይዞ ነበር፤ የሙሽራው ቤተሰብ የክብር ጠረጴዛው ላይ የፈረንሳይ መጠጥ እንዲቀርብ ፈለጉ። ጋሼ ባሕር ዳር ካለ ነጋዴ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አስመጡ። ሳይ ቆመው የኖሩ ጠርሙሶች ናቸው፤ የአንዳንዱ መለያ ወረቀት በፀሐይ ነጥቷል። ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፤ ቡሹ ከደረቀ ውስጡ ይበላሻል። ይህን መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

«ታዲያ አንቺ ለያቸዋ» አሉኝ። «የትኛው ከምን ጋር ይቅረብ?»

«ቀዩን ለጥብሱ ያድርጉት፣ ጋሼ። ከዶሮ ወጡ ጋር አይስማማም፤ በርበሬው መራራ ያደርገዋል። ሻምፓኙ ከምግብ በፊት ከአይብና ከዳቦ ጋር ይሁን። እና... እንዳይንጡት ይንገሩልኝ።»

«ሳይናጥና ሳይረጭ ምኑን ሻምፓኝ ሆነ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ «ይህ ቀን ካማረልኝ ከዕቃ አጠባው ትወጫለሽ። የአዳራሹን መጠጥ አንቺ ትይዣለሽ፤ ደመወዝሽም እጥፍ ይሆናል» አሉኝ።

አስተናጋጇ ከበስተጀርባ «እንዴ፣ የፈረንሳይ እመቤት! ለእኔስ ምን ትመርጪልኛለሽ?» አለችኝ።

«ለአንቺ ውሃ» አልኳት። ከእሷ ጋር ብቻ ነው የምቀልደው።

በእኛ አገር መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይቀምሳል። ክፉ ነገር ቢኖርበት በእኔ ይጀምር ማለት ነው። እናቴ በቀን ስንት ጊዜ ስታደርገው እያየሁ አድጌያለሁ። ቀምሶ መዋጥ ነው ነገሩ። የቀመሰውን የሚተፋ ቀጂ አይቼ አላውቅም።

የመልሱ ዕለት በወጥ ቤቱና በአዳራሹ መካከል ካለው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ጠርሙሶቹን እየከፈትኩ እለይ ነበር። ሦስቱን ቀይ ቡሹ አበላሽቷቸዋል፤ ወደ ጎን አስቀመጥኳቸው። ሻምፓኞቹ ደህና ነበሩ። የመጀመሪያውን አፌ ውስጥ አዞርኩት፤ ዳቦው ሸተተኝ፤ ደስ አለኝ። ለመትፊያ ያስቀመጥኩት ጣሳ ላይ ተፋሁት።

መጋረጃው ተገልጦ ነበር። የሙሽራው አክስት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የእጅ ውሃ ፍለጋ መጥተው ቆመው ያዩኛል።

«አንቺ! ለእኛ የምትቀጂውን ትተፊዋለሽ?»

ድምፃቸው አዳራሹን አቋርጦ ሄደ። ማሲንቆው ቆመ። ሰው ወደ መጋረጃው ተሰበሰበ።

«ምን አለበት? ተናገሪያ! ምን ብታደርጉበት ነው የማይዋጠው?»

ጋሼ እየተጣደፉ መጡ። «ንገሪያቸው እንጂ ልጄ። አስረጂያቸው።»

ምን እንደምል አውቃለሁ። አሁንም ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «እሜቴ፣ የተበላሸውን ከደህናው እየለየሁ ነው፤ ይኼ ደህናው ነው» ማለት ብቻ ነበር። ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ ምላሴ ታሰረ።

አክስትየዋ ብርጭቆውን እጄ ላይ አስያዙኝ። «እንግዲያስ እያየንሽ ጠጪው።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር። አረፋው ሽቅብ ይሮጣል። እጄን ላነሣ ሞከርኩ፤ አልታዘዘኝም። ሰው ፊት ጠጥቼ አላውቅም፤ ሰው ፊት ቀና ብዬም አላውቅ። ዝምታዬን ሁሉም እንደፈለገው ተረጎመው። አንዱ ከኋላ «ዓረብ አገር ምን ተምራ እንደመጣች ማን ያውቃል» አለ።

ጋሼ ብርጭቆውን ተቀብለው እስከ ሥሩ ጨለጡት። «ይኸው! ወይን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል!» ብለው ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ አልነበረም። የክብር ጠረጴዛው ጠላና ቢራ ጠጣ። ዘጠኙ ደህና ጠርሙስ እንደቆመ ቀረ።

ጋሼ ማታውኑ አላባረሩኝም። በማግሥቱ ጠርተው አስቀመጡኝ፤ ይህ ነው የከበደኝ፣ ማስቀመጣቸው። «ምንም እንዳላጠፋሽ አውቃለሁ» አሉ። «ግን ከተማው ሰምቷል። አንቺ ባጠብሽው ብርጭቆ እንኳ የሚጠጣ ሰው የለም። እኔም ቤቴን ልጠብቅ።» ስወጣ ተከፍቶ የቀረውን ሻምፓኝ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሌላ ሆቴል ጠየቅሁ። ሁለተኛም ጠየቅሁ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ?» አለችኝ አንዷ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ። ከዚያ በኋላ ለደላላው እኔው ደወልኩለት።

ለእናቴ ልነግራት አንበሳሜ ወረድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅም ነበር፤ በጣቷ እየዳሰሰች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ለእሷ ሲሆን ቃሉ አልጠፋኝም። የምሄድበትንም ቀን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጠርሙሱን አምጪ አለችኝ። በመዳፏ ጠብ አደረገችና አሸተተችው፤ አረፋው ሞቷል፣ ሽታው ግን ነበር። ቀመሰችው። ዋጠችው። ፊቷን ድምፄን ወደ ሰማችበት አዞረች።

«ደህና መጠጥ ነው ልጄ። አንድ ጉንጭ ብትውጪ ኖሮ እዚሁ ትቀሪልኝ አልነበር?»