አንድ ነጥብ የሆኑት ሁለት ጣቢያዎች

መርዶው የደረሰው ማተሚያ ቤት ቆሞ የካርታውን ቀለም ሲያይ ነው። በየባቡር ጣቢያው ግድግዳ የሚለጠፈው ትልቁ ካርታ የመጀመሪያው ቅጂ ከማሽኑ ወጥቶ፣ ቀዩ መስመር ትንሽ ወደ ብርቱካን አድልቶበት ነበር። ከአታሚው ጋር «ጨምርበት»፣ «ኧረ በቃው!» እየተባባሉ ሳለ ስልኩ ጠራ። የአክስቱ ባል ናቸው።

«የት ነህ ልጄ?»

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ። ምነው፣ በደህና?»

«አክስትህ…» አሉ። «ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ወድቃ። አልተረፈችም።»

«የትኛው ጣቢያ?» አለ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው የጣቢያ ስም አይጠይቅም። እሱ ግን ጠየቀ።

«ገበያው ጋ» አሉት።

ስልኩን ዘግቶ ወጣ። አታሚው ከኋላው «እንግዲህ ልቀጥል?» ሲለው አልመለሰለትም።

ይህ ሰው የከተማው ባቡር ድርጅት ነዳፊ ነው። ባልደረቦቹ «ቀጥ አርገው» ይሉታል። ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ የሁሉንም ስኒ ጆሮ በአንድ በኩል ካላዞረ እፎይ አይልም። «አንተ እኮ ሞተህ እንኳ ሳጥኑ ጎብጧል ብለህ ትነሣለህ» ትለው ነበር አጠገቡ የምትሠራው ልጅ። እሱም አብሮ ይስቅና ስኒዋን ያዞርላታል።

የድሮው ካርታ የተተረተረ ሹራብ ይመስል ነበር። መስመሮቹ እንደ መሬቱ ይጠማዘዛሉ፣ የጣቢያዎቹ ስም አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተጽፏል፣ ተሳፋሪው አንገቱን እያጣመመ ያነባል። አዲስ እንዲሠራ ሲታዘዝ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። መስመሮቹን ሁሉ ወይ ቀጥ፣ ወይ አግድም፣ ወይ ሰያፍ አደረጋቸው። ስሞቹን አስተኛቸው። ያስቸገረው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ቀዩና ሰማያዊው መስመር የሚገናኙት ገበያው ጋ ነው ይባላል እንጂ ጣቢያዎቹ ሁለት ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ረጅም የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፣ ከዚያ አሳንሰር የሌለው ትንፋሽ የሚያሳጥር ደረጃ። የድሮው ካርታ ሁለት ነጥብ አድርጎ በቀጭን መስመር አያይዟቸው ነበር። እሱም መጀመሪያ እንደዚያው ሣለው። ግን ቀጭኗ መስመር የጣቢያውን ስም መሀል ለመሀል ትቆርጠዋለች። ስሙን ገፋ ሲያደርገው ሌላ መስመር ላይ ይወጣል። ሲገፋ ሲመልስ ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ መስመሯን አጠፋትና ሁለቱን ነጥቦች አንድ አደረጋቸው። ካርታው ተንፈስ አለ።

«አሁን ገና ካርታ ሆነ!» አለ አለቃው።

«መተላለፊያውን ዋጥከው እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ካርታ ነው የሠራሁት፣ እግረኛ አልመራም» አላት። ተሳቀ። ደረጃውን ግን ስንት ጊዜ ወጥቶበታል፤ ያውቀዋል።

በኪስ የሚያዘው ትንሹ ካርታ ሲወጣ የመጀመሪያውን የወሰደው ለአክስቱ ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። በልጅነቱ የሞነጫጨረውን ሁሉ ቁምሳጥኑ በር ላይ እየለጠፈች፣ የመጣውን እንግዳ እየጎተተች ስታሳይ ኖራለች። ካርታውን መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ያኛውንማ ሳየው ራሴን ነበር የሚያዞረኝ» አለች። «ይሄ ለኔ ቢጤ ነው። ሐኪም ቤት የምሄደው እንግዲህ በዚህ ነው በለኛ!»

እስከዚያ ቀን ለልቧ ክትትል የምትሄደው በአውቶቡስ ነበር። ይዘገያል እንጂ በር ላይ ያደርሳታል። ጣቷን በቀዩ መስመር ላይ እየነዳች ነጥቧ ጋ ደረሰች።

«እዚህች ወርዶ ሰማያዊውን መሳፈር ነዋ?»

«ነዋ» አላት። ደስ ብሎት ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልቅሶ ቤት ሲደርስ ጎረቤቱ ሳሎኑን ሞልቶታል። የአክስቱ ባል ጥግ ላይ ተቀምጠው ላገኙት ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማሉ።

«ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሏት እያወቅሁ ብቻዋን ለቀቅኳት። አብሬያት ብሄድ ይሄ ይመጣ ነበር? ጥፋቱ የኔ ነው።»

አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ የርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«አንተማ እንዲህ በል። እሷ ያሳደገችህ አይደለህ?»

«እውነቴን ነው። መንገዱን…»

አንዲት ጎረቤት ጎንበስ ብላ «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚላቸው፤ እሺ አይሉም» አለችውና ለአዛውንቱ ውሃ አቀበለቻቸው። ቀጥሎ «ያንን የሚያምር ካርታ የሠራው እሱ እኮ ነው» ብላ ለጎኗ ሰው አሳየችው። ሰውየው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እሱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ቀረ።

ሥራ የገባ ቀን ሁለቱን ነጥቦች ለያያቸው፣ ቀጭኗን መስመር መለሳት፣ አጠገቧ የደረጃ ምልክት ሠራ። ስሙ እንደገና ተቆረጠ። እንደዚያው ይዞት አለቃው ጋ ገባ።

«ወንድሜ፣ ኀዘን ላይ ነህ፤ ለምን ትንሽ አታርፍም?» አለው አለቃው። «ትልቁ ታትሟል እኮ፤ እየተለጠፈ ነው። ለሚቀጥለው እትም ያዘው።»

ማተሚያ ቤት ደወለ። «ዝም ስትለኝ እሺ ያልክ መስሎኝ ጨረስኩት» አለው አታሚው። «ቀዩማ እንዴት እንዳማረ ብታየው!»

አሁን እሑድ እሑድ የአክስቱ ባል ጋ ይሄዳል። የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል። እሳቸው ሰው በመጣ ቁጥር «ብቻዋን ለቀቅኳት» ይላሉ። የታረመው ካርታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ አልታተመም። ገበያው ጋ ያለው ጣቢያ በየግድግዳው አንድ ነጥብ ነው። ለጋሼ እስካሁን አልነገራቸውም።