ቅቤ የተቀባ ጎማ

ቀጭን ድምፅ ነው። እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ ሲገባ እንደሚያሰማው ዓይነት፣ ግን ከዚያ የቀጠነና የማያቋርጥ «እስስስ» የሚል ድምፅ። ዛሬ ሥራዬ ከላም ማለቢያ ማሽን ጋር ነው፤ ከተማ ዳር ያሉትን የወተት ከብት እርባታዎች እየዞርኩ ያረጀውን ጎማ አውልቄ አዲሱን እገጥማለሁ፣ ክዳን አጠብቃለሁ፣ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጌ እደፍናለሁ። በረት ገብቼ ያን ድምፅ ስሰማ ባለቤቱ ስለ ሞተሩ የሚያስረዳኝን አንዱንም አልሰማውም፤ ጆሮዬ እኔን እዚያው ትቶኝ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቀው ግቢያችን ይሄዳል፣ የጎማና የቅቤ ሽታም አንድ ላይ ይመጣብኛል።

እናቴ አለምነሽ በሰፈራችን የምትታወቀው በእጇ ነበር። የጎረቤት ላም ወልዳ የመጀመሪያው እርጎ ሲናጥ ቅሉን ቀድማ እንድትነካው ትጠራ ነበር፤ ሴት ስትወልድም ሕፃኑ ተጠቅልሎ በመጀመሪያ የሚሰጠው ለእሷ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ «የአለምነሽ እጅ የነካው ይበረክታል» እያሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩ ስለነበር፣ እናቴ በአፏ «ኧረ ይተዉ እትዬ» ብትልም ደስታዋ ከፊቷ አይደበቅም ነበር። እኔም በዚህ እጅ እኮራ ነበር፤ ከሌላ ልጅ ጋር ስጣላ «የእናቴ እጅ እንደ እናትሽ እጅ መሰለሽ?» እል እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ግን እናቴ ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትመለስ ጭቃው አዳልጧት በቀኝ እጇ አንጓ ላይ ወደቀች። ወንዙ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያው መሻገር ስላልተቻለ አባቴ ወጌሻ ጠርቶ አሳሰራት፤ ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ቢሆንም አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ፣ መስከረም ጠብቶ ማሰሪያው ሲፈታም ሦስት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ቡሬ የምንላት ጥቁርና ነጭ፣ የውጭ ዘር ያላት ዲቃላ ላም ነበረችን፤ ከእናቴ በቀር ማንንም አታስጠጋም ነበር። አባቴ ሊያልባት ሞክሮ ወተቱንም እሱንም አንድ ላይ ስትደፋው፣ አቧራውን እያራገፈ «ከዚህች ጋር ከምታገል ድንጋይ ብፈነቅል ይሻለኛል» ብሎ እየሳቀ ወጣ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በግራ እጇ ብቻ ስታልብ ብዙ ስለምትቆይ ቡሬ ትሰለችና ወተቷን ትይዝ ነበር፤ ያን ጊዜ እናቴ ግንባሯን ላሚቱ ጎን ላይ አስደግፋ ዝም ብላ ትቆይ ነበር። ያኔ የምታለቅስ አይመስለኝም ነበር፣ ዛሬ ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ታደለ፣ ይሠራበት ከነበረው የወተት እርባታ አርጅቷል ተብሎ የተጣለ ማለቢያ ማሽን ለምኖ፣ ከአርብ ገበያ በአህያ ጭኖ መጣ። መብራት የማይፈልግ፣ በእጅ የሚገፋ ነበር፤ አየር የሚስብ ፓምፕ፣ ክዳኑ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ያለው ቢዶን፣ የላሟ ጡቶች የሚገቡባቸው አራት ኩባያዎችም ነበሩት፣ በየኩባያው ውስጥም እንደ እጅጌ የገባ ለስላሳ ጎማ ነበረ። ፓምፑ አየሩን ከቢዶኑ ሲያወጣ ጎማው ጡቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ወተቱ በቱቦ ይወርዳል። የሰፈሩ ሰው ሊያይ ተሰበሰበ፤ እትዬ ዘነቡ ትንሽ ቆመው አይተው «ደሟንም እንዳይመጥጣት ብቻ» ብለው አማተቡ።

አጎቴ ነገር ማጋነን የሚወድ ሰው ስለነበር ግማሹን አናምነውም ነበር፣ ያን ቀን የተናገረው ግን እውነት ነበር። «ስሚ እቴቴ» አላት እናቴን፣ «ነገሩ ሁሉ ያለው ጎማው ላይ ነው። አየር በክር ውፍረት እንኳ ከገባ ኩባያው ይወድቃል፣ ላሟም ትታመማለች። እስስስ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሌላ ጎማ ደግሞ የለኝም፤ ይህንኑ በሳሙና እያጠባችሁ ጠብቁት።» ቅባት እንዳታስነኩት አላለም፤ ጎማ ቅቤ የሚቀባ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

እናቴ ማሽኑን ራሷ ትገጥም ነበር። ኩባያውን በግራ እጇ ይዛ፣ ጎማውን በጠመመው እጇ መዳፍ እየገፋች፣ ክዳኑን በክንዷ ተጭና ስታጠብቅ ብዙ ጊዜ ይወስድባት ነበር፣ ሊያግዛት የተጠጋውን ግን «ተወው፣ እኔው» እያለች ትመልስ ነበር። የእኔ ሥራ ፓምፑን መግፋትና ካለቀ በኋላ ጎማዎቹን ማጠብ ነበር። ወተቱ በቱቦው ሲወርድ መጀመሪያ የታየ ቀን፣ እናቴ ቱቦውን በማይታጠፉት ጣቶቿ ነካ አድርጋ «ሞቀኝ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ እኔም እንደገና እናቴን ያገኘኋት መሰለኝ።

ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የጥር ደረቅ ንፋስ ሲመጣ ግን ያ ድምፅ ጀመረ። ጎማው ዱሮም ያረጀ ነበርና አፉ ላይ እንደ ተረከዝ ንቃቃት ዓይነት ቀጫጭን ስንጥቅ አወጣ። እናቴ ክዳኑን ትፈታለች፣ እንደገና ትገጥማለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ እስስስ ይላል። ከጧፍ የተረፈ ሰም አሙቃ ስንጥቁን ደፈነችው፤ የማለዳው ብርድ ሰሙን አድርቆ አረገፈው። «ጎማው አይደለም፣ እጄ ነው፤ በደንብ አያጠብቅም» ማለት የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። አባቴ «ኧረ ጎማው አርጅቶ ነው» ቢላትም አትሰማውም ነበር። ኩባያው በወደቀ ቁጥር ዓይኗ የሚሄደው ወደ እጇ ነበር፣ እኔም ያን አስተያየት አልወደውም ነበር፤ ልጅ ብሆንም ላሟን ብቻ ሳይሆን እናቴንም እንደምናጣት ይሰማኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ወተት ስለማንጠጣ የታለበው ሁሉ እየተናጠ ቅቤው ለፋሲካና ለገበያ ይጠራቀም ነበር፣ ጓዳው ውስጥ በቅጠል የተሸፈነ አንድ ትልቅ ገበታ ሙሉ ቅቤ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ለእርሻ ሲዘገጃጅ ቀንበሩን የሚያስርበትን ምራን፣ ያን የቆዳ ማሰሪያ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ በቅቤ ሲያሸው አየሁ። ድርቅ ብሎ ተሰነጣጥቆ የነበረው ቆዳ በእጁ ላይ እየለሰለሰ፣ ስንጥቁም እየጠፋ ሄደ። እኛ ዘንድ የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ቅቤ ነው፤ ቆዳ ይቀባል፣ ቅል ይቀባል፣ የሰው ራስ ይቀባል። ጎማም ያው የደረቀ ነገር መሰለኝ።

በማግስቱ ጎማዎቹን ካጠብኩ በኋላ ጓዳ ገብቼ ከገበታው ጥግ በጣቴ ቆንጥሬ አራቱንም እጅጌዎችና የክዳኑን ቀለበት አባቴ ምራኑን እንዳሸው አድርጌ አሸኋቸው። ለማንም አልተናገርኩም፤ በጾም እጄ ቅቤ ውስጥ መግባቱ ቢታወቅ «ላስሽ» መባሌ አይቀርም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላም ድምፁ ጠፋ። ጎማው ወፈር፣ ለስለስ ብሎ ስንጥቁ ተደፈነ፤ ኩባያዎቹ ልክ እንደመጡ ሰሞን ጸጥ ብለው ያዙ። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች፣ ከዚያ ቀና ብላ የጠመመውን እጇን ዘረጋችና «ለመደው! እጄ ለመደው!» አለች። ለብዙ ወር ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። እንግዲህ እኔ ከዚህ በኋላ እንዴት እውነቱን እነግራታለሁ? ዝም ብዬ ማታ ማታ መቀባቴን ቀጠልኩ።

ደብረ ዘይት አልፎ ጎማው እጅ ላይ መጣበቅ ጀመረ። እጅጌዎቹ ላሉ፣ የክዳኑም ቀለበት ተለጥጦ ከቦታው ይወጣ ጀመር፤ ድምፁ ተመለሰ፣ ከበፊቱም ብሶ። እኔ የመሰለኝ ቅቤው ያነሰ ነበርና ጨመርኩ። ኩባያዎቹ አየር እየሳቡ በታለበች ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ይወድቁ ነበር፣ ወተቱም ወደ ጡቷ ተመልሶ ይረጭ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ቡሬ እናቴን፣ ያቺን የምታምናትን እናቴን፣ በእግሯ መታቻት። የኋላ ጡቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር፤ የወጣው ወተት የተቋጠረና ደም የነካው ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ከአርብ ገበያ እስኪመጣ ሦስት ቀን አለፈ፣ እብጠቱም ወደ ሌሎቹ ጡቶች ተዛመተ። መርፌ ወጋት፣ ጡቷን ዳሰሰና ለአባቴ «ሦስቱ ጡቶች አይመለሱም። ማሽኑ አየር ያስገባ ነበር፤ ገጠማው ልክ አልነበረም» አለው። እናቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ሥር አስገባችው።

ቡሬ ዳነች፣ ግን ደረቀች። ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ አባቴ ለፋሲካ እርድ ለሚገዙ ሰዎች ሊሸጣት ነዳት። እናቴ እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኘቻት፣ ልትዳብሳት ግራ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። በፋሲካ አባቴ ከቅርጫው የደረሰውን ሥጋ ይዞ ሲመጣ ለእኛ ሠርታ አቀረበች፣ እሷ ግን አልቀመሰችም፤ የቡሬ ይሁን የሌላ ከብት የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት የእትዬ ዘነቡ ላም ወለደችና እንደ ልማዳቸው እናቴን ሊጠሩ መጡ። «ነይ እንጂ አለምነሽ፣ ቅሉን ንኪልኝ» አሏት። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «እትዬ፣ ይህ እጅ በረከት አጥቷል። የእርስዎንም ላም አላስነካው» አለች። ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ጀምረው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ሴት ስትወልድም ከሰው ኋላ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትመለስ ጀመር፤ ሕፃን አታቅፍም፣ እርጎ አትነካም። ሰው ሲለምናት ሰለቸው፣ በኋላም መጥራቱን ተወ። እኔ አብሬያት እያደግሁ፣ ነገሩን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ የእጇ ጉዳይ አድርጌ ተቀበልኩት።

እውነቱን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ የወተት ከብት አያያዝ ስማር ነው። መምህራችን አንድ የማለቢያ ጎማ አንሥቶ እያሳየን፣ እንደ ዋዛ «ቅባት ያለው ነገር እንዳታስነኩት። መጀመሪያ ያብጥና ደህና የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ይላላል፣ አየር ያስገባል፣ ላሟንም ያሳምማል» አለ። ሌሎቹ ጻፉ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ለእናቴ ደውዬም ስለ ዝናብ ጠየቅኋት።

ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሣሁ! ግን ላሟንም፣ ሳቋንም፣ ስሟንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት አፍሬ፣ ለሌላ ጊዜ፣ ለሌላ ጊዜ እያልኩ ተመረቅሁ፣ አገባሁ፣ ልጄን ወለድኩ። እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ያን ሁሉ መንገድ ቅቤና ማር ይዛ መጣች። ልጄን ሳቀርብላት ሁለት እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተችና «እንደያዝሻት ልያት፣ እዚያው ያዣት» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዝም አልኩ፣ እሷም ሁለት ሳምንት ተቀምጣ፣ ልጄን በዓይኗ ብቻ አቅፋ ተመለሰች።

የነገርኳት አምና በጥቅምት፣ መንገዱ ሲከፈት ልጄን ይዤ አገር ቤት ስሄድ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«እማዬ፣ ቡሬን ያሳመማት እጅሽ አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ። አባዬ ምራኑን ሲያሽ አይቼ ጎማውን ቅቤ እየቀባሁት ነበር። ቅቤ ጎማ ያበላሻል፤ ያኔ አላውቅም ነበር።»

ባቄላውን አስቀመጠች። 

«እጄ አልነበረማ» አለች።

«አልነበረም።»

ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ገለባብጣ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሆና አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ይህን መቼ አወቅሽው?» አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። «ኮሌጅ ሳለሁ» አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ዶሮ የምታባርረውን ልጄን አሻግራ ስታይ ቆይታ «እኔኮ ይህችን ልጅ አላቀፍኳትም» አለች። ጠራቻት፣ ልታነሣት ሁለት እጇን ዘረጋች። ልጄ ግን አራት ዓመቷ ነበር፣ እግሯ ረዝሟል፣ የጠመመው አንጓም አልቻላትም፤ ትንሽ ከፍ ብላ ከጭኗ ተንሸራተተችና ወደ ዶሮዎቿ ሮጠች።

ያኔ አንድ ያረጀ ጎማ ይዘን፣ አየሩ በየት እንደሚገባ በጆሯችን እየፈለግን፣ በሰምና በቅቤ ስንታገል ነበር። ዛሬ ቦርሳዬ በአዲስ ጎማ የተሞላ ነው፣ የገጠምኩት ማሽን አያፏጭም፣ ሰዎችም እጅሽ ጥሩ ነው ይሉኛል። ባለፈው ወር የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ ወልዳ፣ እናቴ ሳትጠራ ሄዳ ሕፃኑን ከሁሉ ቀድማ ተቀብላ አቀፈችው አሉ። በስልክ የነገረኝ አባቴ ነው፣ ደስታው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር፣ እኔንም ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለሥራ በሄድኩበት በረት ጥግ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ።