በጋቢ ስር የተሸጠው ቤት

ሎሚ ሮቤ ላይ ጎረቤታችን ነበረች። ከገሰራ ገበሬዎች ቅቤ እየገዛች ታመጣና ትሸጣለች፤ በቅቤዋ የተጣላት ሰው አላውቅም። ባሏ አብዶ የከብት ነጋዴ ነበር። ሲሞት የተወላት ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሌላውን ሀብት ሕመሙ ጨርሶት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የልጇ የሙሉካ ባል ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሙሉካ ጎባ ላይ ሁለት ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ቀረች። ሎሚም የሮቤውን ቤት ሸጣ፣ ከልጇ ደጃፍ አጠገብ አንዲት ክፍል ቤት ልትገዛ ቆረጠች። ቤቲቱን አይታታለች፤ ጓሮዋ ጎመን የሚያበቅል ነው። ባለቤቷ ሽማግሌ ሦስት ሺህ ብር ብለው፣ "እስከ መጋቢት እጠብቅሻለሁ" አሏት።

ጉዳዩን የያዘላት ዘይነዲን ነው። ከአብዶ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት አብረው ነግደዋል፤ በቀብሩም ቀን እንደ ወንድም ቆሞ ያለቀሰ እሱ ነው። "ካንቺ የድለላ ገንዘብ ብበላ አላህ ይፍረድብኝ፣ የወንድሜ ሚስት አይደለሽ?" አላት። ሎሚ በዚህ ቃል ምን ያህል እንደተጽናናች ለባለቤቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

ቤት መሸጥ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ቀበሌው "ቦታው የመንግሥት ነው፣ የምትሸጪው ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ነው" ካላት በኋላ፣ ለዚያው ለመንግሥት ቦታ የተጠራቀመ ኪራይ አስከፈላት። አብዶ ታሞ ሳለ ያልከፈለው መዋጮም ወጣ። ቤቱን የሚለካው ሰው ከጎባ ሲመጣ የመኪናውንም የምሳውንም ቻለች። ለምስክሮች ፍየል ታረደ። ይህን ሁሉ ከንግዷ ገንዘብ እየቀነሰች ስትከፍል የቅቤ ቅሏ ባዶ ቀረ። "ግድ የለም፣ ቤቱ ሲሸጥ ይመለሳል" ትል ነበር።

ገዢው ባዳሳ የሚባል የገሰራ ገብስ ገበሬ ነው፤ ልጆቹን ሮቤ ሊያስተምር ቤት ይፈልግ ነበር። ዋጋው እንደ ከብት ገበያ ልማድ በጋቢ ስር ሆነ። ሻጭና ገዢ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዳያውቅ ከጋቢ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጣት በመያዝ ይነጋገራሉ፤ አንድ ጣት አንድ ሺህ ነው። ሎሚ ግን ሴት ናት፣ የባዳ ወንድ እጅ አትይዝም። ስለዚህ በእሷ ፈንታ ዘይነዲን እጁን ከጋቢው ስር አስገባ። ቆይቶ ወደ እሷ መጣና በጆሮዋ "ሦስት። ድንጋይ ነው ሰውየው፣ ከሦስት አልነቃነቅ አለኝ" አላት።

"ወጪውስ? ከሦስት ላይ ምን ይተርፈኛል?"

"ከተውሽው ያወጣሽው ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ደግሞ ወረቀቱን በሁለት ሺህ እናስጽፈው፣ ግብሩ ይቀልልሻል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ሎሚም ተስማማች። ገንዘቡንም እንደ ልማዱ አስማሚው ዘይነዲን ከገዢ ተቀብሎ ለሻጭ ቆጥሮ አስረከበ።

ባዳሳ ቁልፍ ሊረከብ በመጣ ጊዜ እኔም ዕቃዋን እያወጣሁላት ነበር። ደስ ብሎታል፤ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ!" ብሎ በኦሮምኛ እንደ እናት ሰላም አላት። "ይሄ ዘይነዲንዎ አደገኛ ሰው ነው። አራት ጣቴን ቆርጦ ወሰደብኝ እኮ! እርፍ የምይዝበት አውራ ጣት ብቻ ነው የቀረኝ" አለና ሳቀ።

"ስንት ጣት አልክ?"

"አራት ነዋ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ከአራት አልወርድም ያሉት?"

ሎሚ የያዘችውን ድስት መሬት ላይ አስቀመጠች። ባዳሳም ፊቷን አይቶ ሳቁን አቆመ።

ሦስታችንም ዘይነዲን ወደሚውልበት ሻይ ቤት ሄድን። ዘይነዲን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል።

"ዘይነዲን፣ አራተኛዋ ጣት የት ገባች?" አለችው።

"ወጪ የለም እንዴ? ለለካው ሰው፣ ለምስክሩ..."

"የለካውን ያበላሁት እኔ፣ ፍየሉን የገዛሁት እኔ!"

ሰው ዞሮ ሲያያቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲህ ቀበሌ ሂጂና ክሰሺኝ። ወረቀቱ ሁለት ሺህ ይላል። ያንቺም የባዳሳም ጣት አትሞበታል። 'ግብር ደብቀን ነበር' ብላችሁ ለሊቀመንበሩ ንገሩት።"

ባዳሳ ለመመስከር ነበር የመጣው፤ ይህን ሲሰማ ግን አንገቱን ደፋ። ሎሚም "በአብዶ ቀብር ያለቀስከው የእውነትህን መስሎኝ ነበር" አለችውና ወጣች።

ከሦስቱ ሺህ ላይ የጎደለ የንግድ ገንዘቧን ብትተካ ለጎባዋ ቤት አይበቃም፤ ቤቲቱን ብትገዛ የምትነግድበት የለም። መጋቢት ሲያልፍ ሽማግሌው ለሌላ ሸጡ። ሎሚ ሙሉካ የተከራየችው የቀበሌ ቤት ገባች፤ አራት ሆነው በአንዲት ክፍል መኖር ጀመሩ። ሄጄ ስጠይቃት ሕፃኑን ታቅፋ "አልሐምዱሊላህ፣ ጣሪያው አያፈስም" አለችኝ። ፈጣሪ ለእንዲህ ያለ ልብ የሚያዘጋጀው ነገር እንዳለ አምናለሁ።

በዓመቱ ሮቤ ገበያ ላይ ቅቤዋን ዘርግታ ሳለ ዘይነዲን ገዢ አስከትሎ መጣ። "አሰላሙ አለይኩም፣ የወንድሜ ሚስት። ላስማማችሁ?" አለና ጋቢውን ማንሳት ጀመረ።

"ወአለይኩም ሰላም። ሰላምታውን የመለስኩልህ ለአላህ ብዬ ነው" አለችው። ከዚያ ተነስታ ቆመች፤ የቅቤዋን ዋጋ ከብት ተራ ድረስ እስኪሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።