በሁለት ምት የሚዘጋ ጸሎት

የስድስት ቁጥር አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ከመናኸሪያው ሆኖ ሲጣራ፣ ሦስት ፌርማታ ርቆ ያለ ተሳፋሪ የጫማውን ክር ማሰር ይጀምራል ይባል ነበር። ይህ እንኳ ትንሽ ተጋኗል፤ እውነቱ ሁለት ፌርማታ ተኩል ነው። ሰውየው አፉን ሲከፍት የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ የመብራት ሽቦ ላይ ያረፉ ርግቦች ያለ ትኬት እንደተያዙ ሁሉ ብር ብለው ይነሣሉ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ዞር ብሎ "ቀስ በል እንጂ ልጄ" ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ጡሩንባ ነው።

ጡሩንባ ይህን ድምፅ የሥራ ቀን ለአውቶቡሱ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ያውለዋል። ጉልበት እንጂ ዜማ አልተሰጠውም። መዝሙሩ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌሎቹ አርፈው ሲቆሙ እሱ ገና ፍሬን እየያዘ ነው። የመዘምራኑ መሪ፣ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላት የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ብዙ ከመከረች በኋላ ከወፍራሙ ምሰሶ ጀርባ አቆመችው። ጠንካራ ድምፅ ከኋላ ሲሆን ነው የሚያምረው አለችው። እሱም አምኖ፣ ምሰሶውን ራሱ ደግፎ ያቆመ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይዘምር ነበር። የምሰሶው ልስን የተሰነጠቀው ያኔ ነው የሚሉ አሉ።

እንዲህ ሲል ሲል አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ ቀዶ በሰላም አወጣለት። ጡሩንባ ከማደንዘዣው ሲነቃ ውሃ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ነፋስ ነበር። ጎማ ሲተነፍስ እንደሚወጣው ያለ፣ ፊስስ የሚል ነፋስ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ ተጎድቷል፣ በስድስት ወር በሰባት ወር ሊነቃ ይችላል፣ ላይነቃም ይችላል፣ እንጠብቅ አለ ሐኪሙ። ለጡሩንባ ይህ "እንጠብቅ" የማይቀየር ቀይ መብራት ሆነበት።

የስምሪት ኃላፊው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ በደረት ኪሱ የሚይዝ ሰው ነበር። ልቡ በመታች ቁጥር መጀመሪያ የምትነካው ደንቡን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ ደንቡን አወጣ። አራት ወር ፈቃድ ይሰጥሃል፤ ስትመለስ አንድ ዙር አብሬህ እሄዳለሁ፤ ፌርማታ መጠራት አለበት፤ መጥራት ካቃተህ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ትገባለህ አለው። የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ከጋራዡ ጓሮ ያለ መስኮት አልባ ቤት ነው። እዚያ ያለው ብሎን ነው፤ ብሎን ደግሞ እንደምን አደርክ ቢሉት አይመልስም። በቀን ሦስት ሺህ ሰው ሰላም ሲል ለኖረ ሰው ይህ ቆሞ መቀበር ነበር።

ጡሩንባ ቤቱ ተቀመጠ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ እሷ የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር እሱ አጠገቧ ሆኖ በመቁረጫ ልክ ወረቀቶቿ ላይ ብሶቱን ይጽፋል። አንዱን ቀሚስ ከወገቡ እስከ ጫፉ፣ ሁለት እጅጌ፣ አንድ ኮሌታ በምሬት ሞላ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። ድምፅ የሌለው ዘማሪ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል? አንድ እሑድ ቀረ፣ ሁለት ቀረ፣ አምስት ቀረ። ሚስቱ አንድም ቀን አፏን አልከፈተችም። ይህ ሊያስፈራው ይገባ ነበር።

በስድስተኛው እሑድ ጠዋት ለሰኞ የሚደርስ ቀሚስ ልትቆርጥ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘረጋች። ወገቡ ላይ "እግዚአብሔር ረስቶኛል" የሚል ተጽፎበታል። መቀሷን አስቀመጠች።

"አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ የምትጮኸው ጆሮው ከብዶት መስሎህ ነው?" አለችው። "ሳትናገርም ይሰማሃል። አሁን ተነሥና ሸሚዝህን ልበስ።"

ለበሰ። እሷ መቀስ ከእጇ ስታስቀምጥ የማይታዘዝ ሰው አልተፈጠረም።

እዚህ ላይ የአውቶቡሱን ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። የስድስት ቁጥር ሞተር ሾፌሩ ጎን ሆኖ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ከኋላ በር የሚነገር ቃል፣ የጡሩንባ እንኳ ቢሆን፣ ፊት አይደርስም። ስለዚህ ሁለቱ በቆርቆሮ ነው የሚነጋገሩት። ትኬት ቆራጩ የመኪናውን ጎን አንድ ጊዜ ከመታ ቁም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከመታ ሰው ሁሉ ገብቷል፣ በሩም ተዘግቷል፣ ሳበው። ደጋግሞ ከደበደበው ደግሞ ሌላ አውቶቡስ ከኋላ መጥቶ ተሳፋሪያችንን ሊወስድብን ነው፣ ብረር ማለት ነው። ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ ከዚህ የበለጠ ቃል አላስፈለጋቸውም።

ጡሩንባ በዚያ እሑድ የተቀመጠው ከዚሁ ሾፌር በስተኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ነበር። ሾፌሩ ደግ አማኝ ነው፤ ብቻ ከመሪ ውጭ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ አልጋ ይሆንበታል። ሰባኪው ጸሎት ሲጀምር እሱ እንቅልፉን ጀመረ። ጡሩንባ ዓይኑን ጨፍኖ ያለ ድምፅ መጸለይ ሞከረ። መጀመሪያ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚያወራ መሰለው። ቀስ በቀስ ግን ያ ሁሉ ወረቀት ላይ ያፈሰሰው ምሬት ወደ ላይ መውጣት ያዘ፤ ብሎኑ፣ ፍርሃቱ፣ ሌሊት የሚያለቅሰው ልቅሶ፣ ምንም ሳይቀር። ሲጨርስ ደረቱ ቀለለው። ሕዝቡ አሜን አለ። እሱም አፉን ከፈተ፤ ነፋስ ወጣ። ያን ጊዜ እጁ ማንንም ሳያማክር ከፊቱ ያለውን የአግዳሚ መደገፊያ መታ። ኳ፣ ኳ።

ሾፌሩ ሳይነቃ ታዘዘ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ቀኝ እጁ የጎረቤቱን ጃንጥላ እጀታ ይዞ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ቀኝ እግሩ ነዳጅ ሰጠ። ነዳጁ ከፊቱ የተቀመጡት፣ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው አሮጊት ከአግዳሚያቸው ሥር ያኖሩት የእጅ ቦርሳ ነበር። ቦርሳው በመተላለፊያው ተንሸራቶ ከሰባኪው እግር ሥር ቆመ። ሰባኪው ቦርሳውን አየ፣ ሾፌሩን አየ።

"ደረስን እንዴ?" አለው።

"ገና ነው፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ" አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ እንኳ፣ በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ብቻ የሳቀችው እትዬ፣ አራተኛውን ሳቀች። ጡሩንባ ድምፅ ስለሌለው በትከሻው ሳቀ፣ በሆዱ ሳቀ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ መሀል ላይ ቀጥ አለ። አንድ ነገር ገብቶታል። ወደ ቤት ሲመለሱ እየፈነጠዘ ሚስቱን ሃያ እርምጃ ቀደማት፤ ገና በሩን ሲከፍት ወረቀት አነሣና የአንድ እጅጌ ልክ ሙሉ ጻፈ።

"ሃያ ዓመት የኋላ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ መንገዱ አይታይም። ሁለቴ መታ አደርጋለሁ፣ ከፊት ያለው ይሄዳል። አንድም ቀን መጀመሪያ መንገዱን አሳየኝ ብዬው አላውቅም። ለዚህ እንቅልፋም የሰጠሁትን እምነት ለፈጣሪዬ ነፈግሁት። ጸሎቴ ሁሉ አንድ ምት ነበር፤ ቁም፣ ቁም፣ እዚህ ጋ ቁም። ዛሬ ሁለት መታሁ። ድምፄ ቢመለስም ባይመለስም ከመኪናው አልወርድም።"

ሚስቱ አነበበች። ያን ወረቀት አልቆረጠችበትም፤ ከስፌት መኪናዋ በላይ በመርፌ ቁልፍ ሰቀለችው። የእጅጌው ልክ ስለጠፋባት የዚያ ሳምንት ተማሪዎች በሙሉ በአጭር እጅጌ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ጡሩንባ ጸሎቱን ሁሉ በሁለት ምት ይዘጋ ጀመር። የምግብ ጠረጴዛውን መታ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር መታ፣ የጎረቤትን ግድግዳ መታ። ጎረቤትየው በቀን ስድስት ጊዜ በሩን እየከፈተ "ማነው?" ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ እሱም በበኩሉ ሁለት እየመታ መመለስ ለመደ። ሐኪሙ ያዘዘውን የጉሮሮ ልምምድ ሠራ፣ ጺሙን ተላጨ፣ ጫማውን ወለወለ። ሚስቱ በዩኒፎርም ቁርጥራጭ ላይ የፌርማታዎቹን ስም እንደ ባንዲራ ሰፋችለት።

ፈቃዱ ሲያልቅ የስምሪት ኃላፊው ደንቡን በእጁ ይዞ ኋላ በር ላይ ጠበቀው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ጡሩንባ በመጀመሪያው ፌርማታ ባንዲራውን ከፍ አደረገ፤ ከአጠገቡ ካሉት ሦስት ሰዎች በቀር ያየው የለም። ድልድዩ ጋ መውረድ የነበረበት ግንበኛ ገበያው ጋ ደርሶ አገር ይያዝልኝ አለ። ገበያው ጋ መውረድ የነበረባት ደግሞ አሁንም ድልድዩን እየጠበቀች ነበር። ኃላፊው ጻፈ። ጡሩንባ የብሎኑ ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት።

ቀጥሎ ሆስፒታሉ ነበር። ድምፁ የቀረው እዚያ ስለሆነ፣ በዚያ በር ለሚወርድ ሰው ሁሉ ልጸልይ ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል። የራጅ ፖስታ የያዘች ወጣት ሴት ቀስ ብላ ወረደች፤ ኃላፊውም መንገድ ሊለቅላት ከደረጃው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ጡሩንባ ዓይኑን ጨፈነ። የራሱን ፈተና ረስቶ ስለ እሷ ለመነ፤ አይዞሽ የሚላት ሰው እንዲያገናኛት፣ ወረቀቱ መልካም ወሬ እንዲይዝ። አሜን ሲል እጁ ቆርቆሮውን መታ። ኳ፣ ኳ።

ሾፌሩ ሳበው።

ጡሩንባ ዓይኑን ሲገልጥ ኃላፊው ደንቡን እያውለበለበ እየራቀ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ፊስስ። በድንጋጤ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ደበደበ። አራት ወር ሙሉ ይህን የናፈቀው ሾፌር "ጡሩንባዬ ተመለሰ" ብሎ በደስታ በረረ። ያን ጊዜ ነው ተሳፋሪው በሙሉ፣ ግንበኛው፣ የገበያዋ ሴትዮ፣ ቦርሳቸውን ያቀፉት እማማ ሳይቀሩ፣ በአንድ አፍ "ቁም፣ ሰው ቀርቷል!" ያሉት። ሞተሩ ራሱ ደንግጦ ጠፋ።

ኃላፊው ከረባቱ ጀርባው ላይ ዞሮ ደረሰ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ፊስስ አለ። ትንፋሽ የሚባል አልቀረለትም። ጡሩንባ ጨዋ ሰው ስለሆነ ወረቀትና እርሳስ አቀበለው። ኃላፊው "ለምን?" ብሎ ጻፈ። ጡሩንባ ከሥሩ ጻፈ፤ "ለወረደችው ልጅ እየጸለይኩ ነበር። አሜን ስል እጄ መታ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሾፌሩ አይደለም።"

እማማ አንገታቸውን አስግገው ጮክ ብለው አነበቡት። ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ዞር ብሎ የሆስፒታሉን ሕንጻ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ።

ቀጣዩ ፌርማታ ሲደርስ ጡሩንባ ባንዲራውን አነሣ። እማማ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው፣ ልክ በእሱ ዜማ "ትምህርት ቤት! ትምህርት ቤት የሚወርድ!" አሉ። የሚቀጥለውን ግንበኛው ጠራ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያቆመዋል? አውቶቡሱ ሙሉ በሙሉ መዘምራን ሆነ፤ ከፊት ያሉት ይጠራሉ፣ ከኋላ ያሉት ይቀበላሉ። አንዱ በጋለ ስሜት ስድስት ቁጥር ሄዶበት የማያውቀውን ፌርማታ ጠራ፤ ሁለት ሰዎች ሊወርዱ ተነሡ። ጡሩንባ ባንዲራውን እንደያዘ እንባው ይወርድ ነበር። ሃያ ዓመት ሲጣራለት የኖረው ሕዝብ አሁን ለእሱ እየተጣራ ነበር።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ኃላፊው ትንፋሹ ተመለሰለት። ደንቡን ከፈተ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገጽ ገለጠ።

"ደንቡ ፌርማታ ይጠራ ነው የሚለው" አለ። "ማን ይጥራው አይልም። ነገ በሰዓትህ ግባ።" ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ እዚያ ሁለተኛ ፎቅ ተኝታለች። ስታልፍ ለእሷም... ብቻ ዓይንህን ገልጠህ ይሁን።"

ከቀዶ ሕክምናው በሰባተኛው ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ጡሩንባ እንደ ልማዱ ከምሰሶው ጀርባ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይዘምር ነበር። መዝሙሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ከምሰሶው ጀርባ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ የመሰለ ቀጭን ሲጥታ ተሰማና ቀጥ ብሎ ሄደ።

እትዬ እጇን አየር ላይ አቆመች። መዘምራኑ ጸጥ አሉ። ያን ስህተት በዓለም ላይ የሚሳሳተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስንት ዓመት ዝም እንዲልላት በልቧ ስትለምን የኖረችው ሴት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ እንደገና አደረገች፤ እንደገና አውልቃ ጠረገች።

"ከዚያ ምሰሶ ጀርባ ውጣና እዚህ ፊቴ ቁም" አለችው። "ዜማውን ሳት፤ ብቻ እንስማህ።"

ጡሩንባ ወጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሊል ሞከረ፣ ግን ድምፁ ለዚያ ቀን ያመጣውን ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ምሰሶውን ኳ፣ ኳ አደረገው። ቁራሽ ልስን ወደቀ፤ ከአግዳሚው ላይ አንድ ቀኝ እግር ነዳጅ ሰጠ፤ የእማማም ቦርሳ ጉዞውን ጀመረ።