ከቢስሚላህ በፊት

ታጣቂዎች ከባጃጅ ያወረዱኝ በቆቦ የገበያ ቀን ነው። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን የግጥም ደብተር አንደኛው ገለጥ ገለጥ አድርጎ ለሌላው ሰጠው። ደብተሯን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የማሽላው ብናኝ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም፤ በቆርቆሮው ሽንቁር በሚገባው ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። ሰው ወለሉ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ጥግ ላይ፣ በተደራረቡ ጆንያዎች ላይ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ነበሩ። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። አንድ ጠዋት እዚያው ሲነቁ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ዱላቸውን ሲገቡ ጠባቂዎቹ በር ላይ ወስደውባቸዋል። ቀኝ እጃቸው ግን ዱላ እንደያዘ ሰው ተጨብጦ ይውላል።

ወደ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ጤና ጣቢያ ነርስ የነበረ እስረኛ ነው። አጋዥ ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

“ክንዳቸውን እንዳትጎትት፤ ትከሻቸው ይወልቃል” አለኝ መጀመሪያ።

ፎጣውን አጥፎ ወገባቸው ላይ በሽርጡ ዙሪያ አሰረው። የሚያዘው ክንዳቸው ሳይሆን ፎጣው ነው። በደካማው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ትቆማለህ። የሰነፈውን ጉልበት በጉልበትህ ትደግፋለህ። ከመነሳታቸው በፊት ራስ ማዞሩ እስኪያልፍላቸው ቁጭ ይበሉ። ከወደቁም ሽቅብ አትታገል፤ በእግርህ ላይ እያንሸራተትህ ቀስ ብለህ አስቀምጣቸው። ሁሉንም ያዝኩ። ፈጣን ተማሪ ነኝ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነርሱ ለምርመራ ተጠራ። ሽማግሌው ሽንታቸው ወጠራቸው። ፎጣውን አሰርኩ፣ ጉልበቴን አስጠጋሁ፣ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብዬ ሳብኩ። እሳቸው ገና አፋቸውን መክፈታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢስሚላህ ሳይሉ ከተቀመጡበት ተነስተው አያውቁም። ነርሱ ቆጥሮ እንደማያውቅ፣ ያቺን ቃል ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ ፎጣው ከእጄ ካመለጠ በኋላ ነው። ግንባራቸው የበሩን ብረት መታ። ከደሙ ይልቅ ድምፁን አስታውሳለሁ።

ነርሱ ተመልሶ ቁስሉን ሲያስር ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። አልተቆጡም።

“ከአላህ ስም ቀድመህ ሳብኸኝ፣ ልጄ።”

ከዚያ በኋላ አልነሳም አሉ። ጋቢ ከልለንላቸው በጣሳ ይሸኑ ጀመር። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሳምንት ሳይሞላ ጠባቂዎቹ ነርሱን ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት። ወዴት እንደወሰዱት እስካሁን የነገረኝ የለም። ፎጣውን እኔ ላይ ጣል አድርጎ፣ “አፋቸውን ስማ” ብሎኝ ወጣ።

ምሳ የምታመጣላቸው ሴት ልጃቸው ከሮቢት ነው የምትመጣው። አባትሽ ሞቷል፣ ደብቀውሽ ነው የሚል ወሬ ደርሷት ኖሮ፣ አንድ ቀን ሳህኑን የግቢው ሽቦ አጥር ሥር አስቀምጣ አልሄድም አለች። ልቅሶዋ በቆርቆሮው አልፎ ይሰማናል። ጠባቂው በሩን ከፈት አድርጎ፣ በእግሩ ከመጣ ትየው፣ ቃሬዛ ግን አላስወጣም አለ።

ሽማግሌው ጥቂት አዳመጡ።

“በቁሜ እያለቀሰችልኝ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ “ፎጣው የት አለ?”

ያለ ትእዛዝ ሁሉም እግሩን ሰበሰበ፣ ጫማውን አነሳ። አንዱ ጀሪካኑ አጠገብ የፈሰሰውን ውሃ በገዛ ሸሚዙ አደረቀው። ፎጣውን አሰርኩላቸው፤ ጋቢያቸውን ከላይ ደረብኩ። ጉልበቴን አስጠጋሁና ጠበቅሁ። ጥበቃው ረዘመብኝ፤ ዓይኔን ከከንፈራቸው አልነቀልኩም።

“ቢስሚላህ።”

ተነሱ።

ከበሩ እስከ ሽቦው የግራ እግራቸው አፈሩን እየጠረገ ሄድን። እጄ ከጋቢው ሥር ስለሆነ ከውጭ ለሚያይ ጎን ለጎን የምንሄድ ሁለት ሰዎች ነን። ልጃቸው ልቅሶዋን አቁማ እግራቸውን አየች።

“አባ፣ ትሄዳለህ እንዴ?”

“ዱላዬን ነው የወሰዱት። እግሬን መቼ ወሰዱ?”

ጠባቂው ሳቅ አምልጦት ፊቱን አዞረ። እሷ በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቻቸውን ሳመች። ቀና ስትል ጠባሳውን አየችው።

“ግንባርህስ ምን ሆነ?”

ፎጣውን ይበልጥ ጨበጥኩ።

“በሩ አጭር ነው” አሏት። “አብሽሪ።”

ከእሳቸው በፊት ተፈታሁ። ስሜ ሲጠራ ፎጣውን ከጎብዬ ለመጣ አንድ እስረኛ ገበሬ ሰጥቼ፣ አፋቸውን ስማ አልኩት። በሩ ክፍት ነበርና ገብቶት እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣሁ። አሁን ሚኒባስ ሮቢት ላይ ሲቆም አልወርድም። በመስኮቱ ግን ዱላ የያዘ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ግንባሩ ላይ ጠባሳ እፈልጋለሁ።

ዘንድሮ እናቴ ዳሌዋን ታማ ጤና ጣቢያ የማመላልሳት እኔ ነኝ። በደካማው ጎኗ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ እቆማለሁ፤ እጄ ከነጠላዋ ሥር መቀነቷን ይይዛል። ወረፋዋ ደርሶ ስሟ ሲጠራ እሷ በስመ አብ ብላ ጨርሳለች።

“ምን ትጠብቃለህ? አንሳኝ እንጂ” ትለኛለች።

አንድ ትንፋሽ ያህል እቆያለሁ። ከዚያ ነው የማነሳት።