በሰም የተደፈነችው ባዝራ

በአዊ ምድር የኮምፒዩተርን ሥራ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ያልኩት ባለፈው ሳምንት እንጅባራ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አዲሱ ኮምፒዩተር ፊት ለተቀመጠችው ልጅ ነው። ገበሬውን በየስሙ እየጠራች ትመዘግባለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁብኝ። እሷ ግን ጨዋ ናት፤ «እውነት ጋሼ?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። እርግጥ ኮምፒዩተሩን በዓይኔ አላየሁትም፤ እሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ዘንገና ነበርን። የእኔ ሥራ ምግቡን ማዘጋጀት ነበር፤ በመጀመሪያው ጉርሻ አነቅሁት።

ነገሩ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ዳንግላ ላይ ሥራ ፈትቼ ስዞር፣ የገበሬውን ኑሮ የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡና አገውኛም አማርኛም የሚችል ጎረምሳ ፈለጉ። ዋስ አምጣ ተባልኩ። አጎቴ ጋሼ ጥሩነህ ባለ ጋሪ ነበር፤ ፈረሱን ከነጋሪው አስይዞ ፈረመልኝ። «ፈረሴን ያስወሰድክ ቀን ጋሪውን የምትጎትተው አንተ ነህ» አለኝ። እንደማይቀልድ ከዓይኑ አወቅሁ።

ለየቤቱ አንድ ጠንካራ ካርድ አለ። ሰውየው በሬ ካለው በበሬው ቦታ፣ ፈረስ ካለው በፈረሱ ቦታ በሹል ብረት ትበሳለህ። አዲስ አበባ ያለው ማሽን ቀዳዳውን ያነባል። አለቃችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር፤ ካርዶቹን ሲያስረክበኝ «ይህ ማሽን አይረሳም፣ አይዋሽም። ካርድ ያበላሸውን በስሙ ይጠራዋል» አለኝ። ዛሬ ሳስበው ቀልዱን ነው። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከዓባይ ማዶ የሚያየኝ ዓይን ያለ መሰለኝ።

ጥቅምት ነበር። ሌላው አገር ክረምት ሲወጣ ዝናብ ያቆማል፤ የእንጅባራ ዝናብ ግን ማንንም አይሰማም። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ውሻው የሚጮኸው ሰው አይቶ ሳይሆን በግምት ነበር። ያረፍኩት ከዘንገና ሐይቅ በላይ፣ አያ ቢያድግልኝ ቤት ነው። ትኩስ ድንች በድቁስ አበሉኝ፣ የገብስ ጠላ ቀዱልኝ። ጠገብኩና ካርዳቸውን አወጣሁ። በዳማዋ ባዝራቸው ቦታ ላይ ስበሳ ብረቱ ቀጭ አለ።

«ምኑን ወጋኸው?» አሉኝ ደንገጥ ብለው።

«ባዝራዎን!» ብዬ ሳቅሁ። ቀልድ እንዲህ ሲመጣልኝ መመለስ አልችልም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባዝራዋ ወደቀች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ትንፈራገጣለች። ሌሊቱን ከገብሱ ክምር ስትበላ ማደሯን የሰማሁት ኋላ ነው። በእኛ አገር ፈረስ የሞተበት ሰው ቤት ለቅሶ ይደረሳል ብል ማጋነኔ ነው፤ ግን ትንሽ ብቻ ነው።

አያ ቢያድግልኝ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አልጮኹም፤ ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ቀስ ብለው በአገውኛ «የወጋሃትን ንቀልላት» አሉኝ።

«አያ፣ ወረቀት እኮ ነው!»

«ወረቀት ከሆነ ድፈነዋ።»

ከኋላቸው ጉሙ ውስጥ ሰዎች ቆመዋል፤ የሚታየኝ ግን የዱላቸው ጫፍ ብቻ ነው። ብደፍነው ማሽኑ ስሜን ይጠራል፣ የአጎቴም ፈረስ ይወሰዳል። ባልደፍነው ከዚያ ጉም አልወጣም። የአያ ቢያድግልኝ ባለቤት ማር ያነጠሩበትን ሰም ቆርሰው ዘረጉልኝ። በጣቴ አለስልሼ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ለማንኛውም ብዬ የላሟንም አብሬ ደፈንኩት።

ባዝራዋ ተነሣች። ጎረምሶች ሆዷን ሲያሹ፣ እየጎተቱ ሲያዞሯት ቆይተው፣ አንድ ጊዜ እንደ መድፍ ፈሳችና ተነሣች። ግን ማሸቱን ማን ቆጠረው? ሁሉም ያየው ሰሙን ነው።

ነግቶ በሩን ስከፍት የጎጡ ሰው በሙሉ ሰም ይዞ ቆሟል። «የእኔንም በሬ!» «የእኔን በቅሎ አስቀድምልኝ፣ አንተ ልጅ!» አንድም ካርድ ሳልተው ደፈንኩ።

አጎቴ በጋሪው መጥቶ እኔንም የካርዱን ሣጥንም ጫነን። በአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል አድርገን ዳንግላ እስክንገባ ድረስ የማየው የፈረሱን ጭራ ብቻ ነበር። ማሽኑ አይዋሽም መባሉን አወራሁለት፤ የሰሙን ነገር ግን ደበቅሁት። ሣጥኑ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ከጓሮ እደበቅ ጀመር። እንቅልፍ ሲወስደኝ ማሽኑ ስሜን ከነአባቴ ይጠራል።

አለቃችን ተመለሰና አስጠራኝ። በስሜ! አጎቴ ነው እየጎተተ ያስገባኝ። ስሜ ሣጥኑ ላይ ተጽፎ እንደነበር ያስታወስኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

«ማሽኑ በዘንገና ዙሪያ አንድም ከብት የለም አለ» አለ አለቃችን። «ከዚያ ሲሞቅ ሰሙ ቀለጠና ራሱም ቀጥ አለ። እስካሁን እየፋቁት ነው! ዋሱ ማነው?»

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። ግን ይኼ ማሽን አይዋሽም ብለው ነበር አሉ።»

«አይዋሽም!»

«እንግዲያው በዚህ አገር ከብት ከሌለ፣ የእኔን ፈረስ ከየት አምጥተው ሊወስዱት ነው?»

ይህን ጊዜ ፈረሱ ውጭ ሆኖ አሽካካ። አለቃችን ሳቁን ሊውጥ ሲታገል መነጽሩ ከግንባሩ አፍንጫው ላይ ወደቀ። እኔ ተባረርኩ፤ ፈረሱ ግን ቀረልን።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አወራኋት፤ የተሰለፈውም ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷም እንባዋን ጠርጋ ጣቷን ከቁልፉ በላይ አንጠለጠለችና «በሉ ጋሼ፣ ስንት ከብት አለዎት?» አለችኝ። ይኼኛው ኮምፒዩተር ካርድም ቀዳዳም እንደሌለው አውቃለሁ። ሹል ብረትም የለም። ጣቷን አየሁ።

«የለኝም» አልኳት።

ቤቴ ሁለት ላሞችና አንዲት ዳማ ባዝራ አሉኝ። ፈርቼ ነው።