ቦታው ተይዟል

ኢኮኖሚው የወደቀ ጊዜ፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ከምነዳበት መጋዘን ሌይ ኦፍ ተደርጌ ከሥራ ተቀነስኩ። አንድ ፈረንጅ ባልደረባዬም አብሮኝ ወጣ። ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጋዘን ገባ። እኔ ግን በጋው አልፎ ቅጠል ሲረግፍም ቤት ነበርኩ።

ባለቤቴ በሥራዋ ላይ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ደርባ መሥራት ጀመረች። ደክሟት ስትገባ ምንም ሳትጠይቀኝ ፊቴን ታየዋለች። ያ አስተያየቷ ጭንቅ ይለቅብኝ ነበር። ምናልባት ለሥራ ቢደውሉ ብዬ ስልኬን ሽንት ቤት እንኳ ይዤ እገባለሁ።

በምንኖርበት በሞንትቤሎ ሰፈር ጎረቤታችን ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸውም ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ከእኔ በፊት ነው ከሥራ የወጣው። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈው፣ «እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ጠብቄያለሁ፤ አባቴም ጠብቋል። ደህና ጊዜ ሲመጣ እንኳ እኛ ጥቁሮች ጋ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው» አሉኝ። በልቤ ግን፣ «ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከውጭ የመጣሁ ሰው ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ያ ፈረንጅ ባልደረባዬ ደወለ። «እኛ ጋ ሰው እየፈለጉ ነው፤ ቶሎ ና!»

ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። መግቢያው ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቦታው ተይዟል» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩለት።

«እንዴት ይያዛል? ነገም ኢንተርቪው አለ እኮ!» አለ።

 የሽማግሌው ንግግር ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ባልደረባዬ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዞኝ ገባ። «ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለው። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ።

ስለ ጎረቤቴ ልጅ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «አፕላይ ያድርግ» አለኝ። ልጁ ማመልከቻ አስገባ፤ ማንም አልደወለለትም። ሥራ አስኪያጁን ደግሜ ስጠይቀው፣ «አንተ ስለ ራስህ አስብ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ስሜን በጠራ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ጀመር።

ልጁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኤርፖርት ጽዳት ተቀጠረ። አባቱ ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። «ፎርክሊፍት ነጂነቱስ?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው» አሉኝ።